ውሃው እዚህ ጎድሏል

ሲሎምባ ጉብታ፣ ኅዳር 9

ለእህቴ ልጅ ለፑሙሎ፤

አምላካችን ኛምቤ ከደጋው ብርድ ይጠብቅህ። እግርህን ድንጋይ አይምታው፣ እጅህን የብረት ገመድ አይንካው። ስምህን በጠራን ቁጥር መልካም ወሬህ ይድረሰን። እኛ አለን። እናትህም፣ ልጅህ ናማሲኩም፣ ላሞቹም፣ እኔም በዚሁ ቅደም ተከተል ደህና ነን።

ሜዳው ደርቆ አመድ መስሏል። አሮጌውን ሣር አቃጥለነዋል፤ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ ልጆች በቅርጫት ይዝቁታል። ዝናብ የለም። ቢዘንብም ለሜዳችን ውሃ የሚያመጣው የእኛ ሰማይ እንዳልሆነ ታውቃለህ፤ እናንተ ጋ ዘንቦ፣ ወንዛችን ሊያምባይ ሞልቶ፣ ቀስ ብሎ እዚህ ይደርሳል። ጎረቤታችን ሲትዋላ በየጧቱ ይመጣና "የእህትህ ልጅ እላይ ቁጭ ብሎ ቧንቧውን ዘጋብን እንዴ?" ይለኛል። እኔም "ከፍቶ ሲለቅብህ የምትሮጥበትን ታንኳ ጥረብ" እለዋለሁ። እውነትም እየጠረበ ነው። ከጫካው ዳር ትልቅ ግንድ አስጎትቶ አምጥቶ በፋስና በእሳት ሆዱን ይቦረቡረዋል። ላሞቹን ሁሉ ሊጭንበት ነው መሰለኝ።

ከቻልክ የመረብ ክር ላክልኝ፤ ጠንካራውን። ትንባሆም ጨምርበት፤ የእዚህ ትንባሆ የሞተ ሰው እንኳ አያስነጥስም።

እናትህ ከጀርባዬ ቆማ "ጻፍ፣ ጻፍ" እያለች ጆሮዬን አደነቆረችው። እንዲህ ትላለች፦ "ሚስትህ ከሞተች ቆየች። ከደጋ ሴቶች አንዷን ወድደህ እንደሆነ አትደብቀኝ። መዋኘት የማትችል ከሆነች ግን አታምጣብኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሁለት ሕፃን አላሳድግም።" ልጅህ ደግሞ ድንጋይ ላክልኝ ትላለች። ድንጋይ የምትባል ነገር አይታ አታውቅማ! መምህራቸው ነግሯቸው ነው።

አጎትህ ሙኬላባይ


ካሌንጂ ማሻገሪያ፣ ታኅሣሥ 14

ለተከበሩት አጎቴ ለሙኬላባይ፤

ተንበርክኬ፣ መዳፎቼን አጨብጭቤ፣ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጉብታችን ይጽና፣ ላሞቻችን ይርቡ። የእናቴን ጉልበት ስሜያለሁ ይበሉልኝ። እኔ ከብርዱ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ቧንቧው ተከፍቷል አጎቴ! ሲትዋላ ታንኳውን ይጨርስ። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ሰማዩን አላየነውም። መኪና የምናሻግርበት ጀልባ በብረት ገመድ ተይዞ እንኳ ይንቀጠቀጣል። እዚህ አገር ሁሉ ነገር ተዳፋት ነው፤ ከእጅዎ የወደቀ ድንች ተንከባልሎ ከሰው ጓሮ ይገባል። ውሃውም እንደዚያው ነው። ይጮሃል፣ ከድንጋይ ጋር ይጣላል፣ ሲሮጥ ይውላል። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን በጩኸቱ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። የእኛ ውሃ ድምፅ የለውም፤ ማለዳ ሰው ሲነሳ ደጃፉ ላይ ተኝቶ ያገኘዋል እንጂ መምጣቱን አይሰማም። ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም።

አብሮኝ የሚሠራው ካንዬምቡ የዚሁ የደጋው ልጅ ነው። "እናንተ የቆላ ሰዎች በየዓመቱ ቤታችሁን ለዓሣ የምታከራዩ!" እያለ ይስቅብኛል። "እናንተስ፣ አገር የሚያክል ውሃ በደጃችሁ አልፎ አንዲት ዓሣ የማታስቀሩ" አልኩት። ባለፈው እሑድ ታዲያ "ና፣ ንጉሣችሁን ከቤቱ የሚያስወጣውን ጉልበተኛ ላሳይህ" ብሎ ወደ ላይ ይዞኝ ወጣ። ከዛፎች መሀል አንድ ረግረግ አለ። ሣሩ ሲረግጡት እንደ ረጠበ ፍራሽ ይሰምጣል፤ ከሥሩ ትንሽ ውሃ ይወጣል። ሊያምባይ እሱ ነው አጎቴ። ሳልዘል፣ እግሬን ብቻ ዘርግቼ ተሻገርኩት። እንደ ሞኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ክሩንና ትንባሆውን ወደ ታች በሚወርደው መኪና ልኬያለሁ። የናማሲኩም ድንጋይ በጨርቅ ተቋጥሮ አብሮ አለ። ከረግረጉ አጠገብ ያነሳሁት ነው።

ለመሆኑ ዘንድሮ ንጉሡ ከውሃው ሸሽቶ ወደ ደረቁ ዳር ሲወጣ በታንኳው ላይ በየትኛው ወገን ነው የሚቀዝፉት? የቀዛፊነት ቀዩን ቆብዎን እናቴ አጠበችው? ለካንዬምቡ አጎቴ የንጉሡ ቀዛፊ ነው ብዬ ስነግረው ውሸት መስሎታል። ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ከተገኘ አንድ ይላኩልኝ፤ አፉን ልዝጋው።

የእህትዎ ልጅ ፑሙሎ


ሲሎምባ ጉብታ፣ ጥር 20

ለፑሙሎ፤

የደጋው ጉም ዓይንህን አይጋርድህ፤ የበላኸው ይስማማህ። ዕቃው ደርሷል። ናማሲኩ ድንጋዩን ይዛ ትተኛለች። የሰፈሩ ልጆች ሊነኩት ተሰልፈው ሲመጡ እሷ እንደ ሹም ተቀምጣ ትቀበላለች።

ትንባሆ ከእንግዲህ አትላክ፤ ትቼዋለሁ። በምትኩ ሸራ እፈልጋለሁ፤ ያ መኪና ላይ የሚያለብሱት ወፍራሙ። አሮጌም ቢሆን ግድ የለም፤ ጣራ የሚሸፍን ይሁን።

ሥራ ይዣለሁ። ጉብታውን ከፍ እያደረግሁት ነው። ይህን ጉብታ አያቶቻችን በቅርጫት አፈር ተሸክመው፣ ምስጥ በጀመረው ላይ ጨምረው እንደሠሩት ታውቃለህ። እነሱ ከሩቅ ሜዳ ነበር የሚያመጡት፤ ብዙ ሰው ነበራቸው። እኔ ብቻዬን ስለሆንኩ ከጎኑ ከበታች እየቆረጥኩ ወደ ላይ አወጣለሁ። ትናንት ሲትዋላ መጥቶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አየኝና "ሙኬላባይ፣ ደጋ ልትሠራ ነው እንዴ? ስንወጣ ጥለኸው ለምትሄደው ነገር ምነው ወገብህን ሰበርክ?" አለኝ። ቁፋሮዬን ቀጠልኩ። ሰው በገዛ ቤቱ አፈር ቢያነሳ ምን አገባው?

ውሃው መምጣት ጀምሯል። ቦዮቹ ሞልተዋል፣ ዝቅ ያለው ሣር ረጥቧል። ደንበኛው ውሃ ግን ገና ነው።

እናትህ እንዲህ በል አለችኝ፦ "ያንን ረግረግ በእግሬ ተሻገርኩት ብለህ አትኩራ፤ አንተም እኮ ያን ያህል ነበርክ። አሁን ግን ቁመትህ በር ያስጎነብስሃል።" ከዚያም የምትጨምረው ነገር ነበራት፤ ወረቀቱ አለቀ አልኳት።

ሙኬላባይ


ካሌንጂ ማሻገሪያ፣ የካቲት 11

ለተከበሩት አጎቴ፤

ከጉልበትዎ በታች ሆኜ፣ አጨብጭቤ፣ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቤታችሁ ደረቅ፣ ሆዳችሁ የጠገበ ይሁን።

ያየነውን መከራ ብነግርዎ! ባለፈው ሳምንት ሊያምባይ አበደ። ዛፍ ከነሥሩ፣ የሰው አጥር፣ የሞተ ፍየል፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉን ይዞ ወረደ። የብረት ገመዳችን ተበጠሰና ጀልባችን እንደ ቅል እየተሽከረከረ ሄደ፤ ከታች መታጠፊያው ላይ ድንጋይ ባይዘው ኖሮ እናንተ ጋ ይደርስ ነበር። የአገሩ ሽማግሌዎችም እንዲህ ያለ አላየንም አሉ። እኔ ከካንዬምቡ ጋር ኮረብታ ላይ ወጥቼ አየሁት።

ግን ኛምቤ ይመስገን አለፈ። ውሃው እዚህ ጎድሏል። ዛሬ ድንጋዮቹ ራሳቸውን አውጥተዋል፤ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ሰማዩም ጠርቷል። እንግዲህ አትስጉ፤ የዘንድሮው ክፉ ቀን አልፏል። በየወሬው ትደነግጣላችሁ ብዬ ነው ፈጥኜ የጻፍኩት።

ሸራውን ከአንድ ሾፌር ለምኜ አግኝቼ ልኬዋለሁ። ጥግ ላይ ትንሽ ተቀዷል፤ እናቴ ትጥቀመው። ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ አልነገሩኝም። ስለ ቅዘፋው የጠየቅሁዎንም ረሱት።

ፑሙሎ


ሲሎምባ ጉብታ፣ መጋቢት 8

ለፑሙሎ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ሸራው ደርሶ ጣራው ላይ ተዘርግቷል።

ደብዳቤህን ለሰፈሩ ሰው ሁሉ አነበብኩላቸው። ከላይ ጎድሏል፣ ልጁ በዓይኑ አይቶ ጽፏል አልኳቸው። የሆነ ሆኖ ትልልቆቹ ከበሮዎች ትናንት ተመትተዋል፤ ንጉሡ ነገ ይወጣል። ከበሮ ከተመታ ሰው አይቆምም። ሲትዋላ ላሞቹንና ልጆቹን ጭኖ ዛሬ ሄደ። ከእኛም ላሞቹንና ጥጆቹን በትልቁ ታንኳችን ወስዶልናል። ሌሎቹም ሄደዋል። እኛ ትንሽ ቆየት ብለን እንወጣለን። ጉብታው ከፍ ብሏል፤ እህል አለ፣ ዓሣ ደጃፋችን ላይ ነው። ደረቁ ዳር ላይ ሄዶ በሰው ጫካ ውስጥ ተጨናንቆ ትንኝ መቁጠር ምን ያደርጋል?

የሚያስፈልገን ነገር የለም። ምንም አትላክ።

እናትህ ደህና ናት። ናማሲኩም ደህና ናት።

ሙኬላባይ


ካሌንጂ ማሻገሪያ፣ መጋቢት 24

አጎቴ፤

ወግ ያለው ሰላምታ የምጽፍበት ጊዜ የለኝም፤ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ ዛሬ ከቀትር በፊት ደረሰኝ። እናቴ አንድ ቃል አለመናገሯን ሳይ ነው የደነገጥኩት። እሷ ዝም ስትል አይቻት አላውቅም።

ይባስ ብሎ የደረቅ ዓሣ ነጋዴው ሊካንዶ ዛሬ እዚህ መጣ። ጀልባው ላይ አወቀኝና "አንተ የሙኬላባይ የእህት ልጅ አይደለህም? የዋናተኛው?" አለኝ።

"የምን ዋናተኛ? አጎቴ ቀዛፊ ነው" አልኩት።

"አሃ፣ አልነገሩህማ! አምና መሀል ሜዳ ላይ እጁ ዛለና መቅዘፊያውን ሳተ። ደንቡን ታውቃለህ፤ የሰነፈ ቀዛፊ መሄጃው ወደ ውሃ ነው። ወረወሩት! ከኋላ የሚመጣው ታንኳ ቀበቶውን ይዞ እንደ ረጠበ ድመት አንጠለጠለው። ዳር ስንደርስ ሴቶቹ እልል አሉለት፤ ሳቅ በሳቅ ሆንን። እሱ ግን ቆቡን አውልቆ አንገቱን እንደ ደፋ ቀረ።"

አጎቴ፣ አሁን ሁሉም ገባኝ። አፈሩም ሸራውም ገባኝ። ዘንድሮ ከእነዚያ ሴቶች ፊት ላለመታየት ነው የቀሩት። ለምን አልነገሩኝም? ከእርስዎ በፊት ስንቱ ደህና ቀዛፊ ውሃ ገብቷል! በማግስቱ ራሳቸው እየሳቁበት ያወሩታል እንጂ ማንም በዚህ ከሰው ተለይቶ ቤቱ አልቀረም።

ሌላው ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው። ለሊካንዶ ውሃው እዚህ ጎድሎ እንደ ነበር፣ አትስጉ ብዬ እንደ ጻፍኩ ስነግረው ሳቁን አቆመ። "እዚህ መጉደሉን ለሜዳ ሰው የምሥራች ብለህ ጻፍክ?" አለኝ። "አንተ የት ነው የተወለድከው? ከዚህ የጎደለው የት የሄደ መሰለህ?" የሜዳ ልጅ ሆኜ! ደጋ ላይ ውሃ የአንድ ከሰዓት በኋላ ነገር ነው፤ ያልፋል፣ ሰው ልብሱን ያጥባል። ከእነዚህ ጋር ስኖር እኔም እንደ እነሱ ማሰብ ጀመርኩ። ያ ያበደው ውሃ አላለፈም፤ ወደ እናንተ እየመጣ ነው። ሲደርስ ደግሞ የሚሄድበት ተዳፋት የለውም፣ ይተኛባችኋል።

ስለዚህ እለምንዎታለሁ። ጽሑፌን ቀደው ይጣሉትና ዛሬውኑ ይውጡ። የሚያፍሩ ከሆነ ብርድ ልብስ ተከናንበው ይውጡ። እኔን ይስደቡኝ፣ ሰነፍ ይበሉኝ፤ ብቻ እናቴንና ልጄን ያውጡልኝ።

ፑሙሎ


ካሌንጂ ማሻገሪያ፣ ሚያዝያ 15

አጎቴ፤

መልስ የለም። ፖስታ የሚያመጣው ሾፌር ወደ ሜዳው የሚወስደው መንገድ ተቆርጧል ይላል። ፈቃድ ጠይቄ በእግሬ እስከ ድልድዩ ድረስ ሄጄ ነበር። ድልድዩ የለም። ወንዙ ዳር ቆሜ ስጮህ ዋልኩና ተመለስኩ።

ወጥታችኋል አይደል? ወጥታችሁ፣ ተቆጥታችሁኝ ዝም ያላችሁ መሆን አለበት። ይህን ደብዳቤ ነገ ተመልሼ ሄጄ ከወንዙ ማዶ ለሚያልፍ ሰው በገመድ አሻግሬ እሰጣለሁ። "ደርሰናል" የምትል አንዲት ቃል በቂዬ ናት።

ፑሙሎ


ደረቁ ዳር፣ የሲትዋላ ዳስ፣ ግንቦት 6

ለፑሙሎ፤

ሰላምታ የምሰጥበት አፍ የለኝም። ቀድመህ እንድታውቀው፣ ናማሲኩ በሕይወት አለች። አጠገቤ ተኝታለች፤ ትኩሳቷ በርዷል።

እናትህ የለችም።

እንደሆነው እጽፍልሃለሁ። የልመናህ ደብዳቤ የደረሰኝ እዚህ ዳር ከመጣሁ በኋላ ነው። ሲትዋላ ሊሄድ ሲል ሁለት ጊዜ ተመለሰ። "አንተ ቅር፣ ሴቶቹን ስጠኝ" አለኝ። "ምንድነው ይሄ ግትርነት? ሰው ሁሉ እርጥብ ሆኖ ነው የተወለደው!" እናትህ ዕቃዋን ቋጥራ ተነስታ ነበር። ከዚያ እኔን አየችኝ። ቋጠሮዋን መሬት አስቀመጠችና "ወንድሜን ለብቻው ትቼ የት እሄዳለሁ? እሱ ሲወጣ እወጣለሁ" አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን አላናገረችኝም። ዝም ያለችው ለዚህ ነው፤ ወረቀት አልቆ አይደለም።

ሲትዋላ ውሃው ጎድሏል ያልክበትን ደብዳቤህን ሳነብለት "ከላይ ከጎደለ እኮ መጣልን ማለት ነው" ብሎ በጨዋ ደንብ ነገረኝ። ፑሙሎ፣ ይህን ስማኝ። እሱ ባይነግረኝም አውቀው ነበር። ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነገር ነው። አንተ ሳታስተውል ተሳሳትክ፤ ደጋ ብዙ ስለተቀመጥክ ነው። የእኔ ግን ስህተት አይደለም። እያወቅሁ ወረቀትህን እንደ ጋሻ ያዝኩት። ሰው ሲጠይቀኝ እሱን አወጣ ነበር። በዚያች ወረቀት ራስህን አታቃጥል፤ ወረቀቷ ባትመጣ ሌላ ሰበብ አላጣም ነበር።

ደንበኛው ውሃ ሲመጣ አልሰማነውም። ማለዳ ስንነሳ የቤታችን ወለል ረጥቧል። ሸራውን አውርጄ በደጃፉ ላይ ግድብ ልሠራ ሞከርኩ። እስከ ቀትር ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ። ትልቁ ታንኳችን ከጥጆቹ ጋር ከሲትዋላ ዘንድ ነው። የቀረችኝ መረብ የምጥልባት ትንሿ ነበረች፤ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ትይዛለች። ነፋስ ተነስቶ ሜዳው ሁሉ ማዕበል ሆኗል። ያኔ ነው እናትህ የተናገረችው፤ "ልጅቷን ውሰድ" አለችኝ። ሌላ ነገር አላለችም። እኔ ቆሜ ቀረሁ። "ሙኬላባይ፣ አሁን ደግሞ ምን ትጠብቃለህ?" ብላ ጮኸችብኝ።

እናትህን ጉብታው ጫፍ ላይ ካለው የሾላ ዛፍ ላይ አወጣኋትና በነጠላዋ ራሷን ከግንዱ ጋር አሰረች። ስሄድ ናማሲኩ ታለቅስ ነበር፤ እሷ ግን ከዛፉ ላይ ሆና "ዓይንሽን ጨፍኚና ስትደርሺ ግለጪ" እያለች ትቀልድባት ነበር። ሳቋን ሰምቻለሁ።

ደረቁ ዳር ስደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። እጄ ከትከሻዬ በታች አይሰማኝም ነበር። ሴቶቹ ዳር ቆመው ነበር፤ እነዚያው ሴቶች። አንዷም አልሳቀችም። ልጅቷን ተቀብለው በጨርቅ ጠቀለሏት። የፈራሁት ፊታቸውን ነበር፤ ይህ ነበር እንግዲህ።

ሲትዋላና ወንዶች ልጆቹ ያንኑ ሰዓት በትልቁ ታንኳ ወጡ። ማዕበሉ መለሳቸው። ማለዳ ደግሞ ሄዱ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ጣራችን ይታያል፤ ዛፉ የለም። ከጎን ከበታቹ እየቆረጥኩ ወደ ላይ ያወጣሁት አፈር ውሃ ሲገባበት ሟሟ፤ ጉብታው በዚያ ጎኑ ተደረመሰና ዛፉን ይዞ ወደቀ። በዘንግ ፈለግናት። ውሃው ጭቃ ነው፣ ምንም አይታይም።

በዚህ ምድር ላይ የተረፈኝ ወገን አንተና ልጅህ ናችሁ። የምጠይቅህ ነገር የለም።

ሙኬላባይ


ካሌንጂ ማሻገሪያ፣ ሰኔ 2

ሙኬላባይ፤

ደብዳቤዎን ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ካንዬምቡ ነው ያነበበልኝ፤ እዚያ ስደርስ ዓይኔ አላይ አለኝ። እሱም ሲጨርስ ወጥቶ ደጅ ተቀመጠ፤ የቆላ ሰው ብሎ አልቀለደብኝም።

ስለ ወረቀቷ ልቤን ሊያሳርፉት ሞክረዋል። አላረፈም። "አትስጉ" ብዬ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ያንን ለራሴ እሸከመዋለሁ፤ ከእርስዎ ሸክም ግን አይቀንስልዎትም።

አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ለምን አላገኛችኋትም? እዚህ ሰው ውሃ ሲወስደው የት እንደሚፈለግ ሁሉም ያውቃል። ከታች መታጠፊያው ላይ፣ ድንጋዮቹ መሀል፣ በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን ይገኛል፤ ይቀበራል። እናንተ ፈልጋችሁ ተዋችሁ። እናቴን እንዴት ትተዋላችሁ?

መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ። ልጄን ወስጄ እዚህ አሳድጋለሁ። እርስዎን ማየት እፈልግ እንደሆነ ገና አላወቅሁም።

ፑሙሎ


ሲሎምባ ጉብታ፣ ሐምሌ 28

ለእህቴ ልጅ፤

ለጥያቄህ መልስ ለመስጠት ውሃው እስኪለቅ መጠበቅ ነበረብኝ።

ፑሙሎ፣ እዚህ መታጠፊያ የለም። ድንጋይም የለም። የእኛ ውሃ ሰው አይወስድም፤ እላዩ ላይ ይተኛል እንጂ። ስለዚህ አልተውናትም። የት እንዳለች እናውቅ ነበር። ከወደቀችበት ክንድ ያህል እንዳልራቀች ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ከላይዋ ግን ሰው ዘንጉ የማይደርስበት ውሃ ነበር። እኔ በየማለዳው ደረቁ ዳር ላይ ቆሜ ወደዚያ አያለሁ። ጣራው ይታየኝ ነበር። ሲትዋላ "ና፣ ብላ" ይለኛል፤ ገንፎውን አስቀምጦልኝ ይሄዳል። ሦስት ጨረቃ እንዲህ ሆነን አሳለፍን። ደጋ ላይ ቢሆን በአራተኛው ቀን አልቅሰን ቀብረን ነበር፤ እዚህ ምድሪቱ እስክትመልስልህ ትጠብቃለህ።

ጉብታዎቹ ብቅ ሲሉ ማንንም ሳልጠብቅ ወረድኩ። ሕዝቡ ገና ከዳር አልተነሳም ነበር። ከንጉሡ ቀድሞ መውረድ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሚጎዳኝ ነውር አልቀረኝም። ዛፉ እንደ ወደቀ ነው። አብራው አለች፤ ነጠላዋ ቋጠሮው አልተፈታም። እንዴት እንደነበረች አልጽፍልህም፤ አንተም አትጠይቀኝ። ሴቶቹ መጥተው አጠቧት። ከእነሱ አንዷ፣ አምና ከሁሉም አብልጣ የሳቀችብኝ፣ የገዛ አዲስ ጨርቋን አልብሳታለች።

እዚሁ ጉብታ ላይ ቀበርናት። የተደረመሰውን ጎን ሞላሁት። አፈሩን ከሩቅ ሜዳ፣ በቅርጫት፣ አያቶቻችን ያመጡበት ከነበረው ቦታ ነው ያመጣሁት። በዚህ ጊዜ ሲትዋላና ልጆቹ አብረውኝ ተሸከሙ።

ናማሲኩ ከአንተ ጋር ትሂድ። ትክክል ነህ። ጭቃ ስትረግጥ ትጮሃለች፤ ሌላ ጊዜ ግን ደህና ናት፣ ትበላለች፣ በወለቀው ጥርሷ ምትክም አዲስ ወጥቷል። አያቷ የት እንዳለች ታውቃለች፤ አልዋሸኋትም። መቃብሩን አሳይቻታለሁ።

መኪናው ደረቁ ዳር ድረስ ይደርሳል አሉ። ልጅቷን ታጥባ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ከሲትዋላ ሚስት ጋር እዚያ ታገኛታለህ። እኔ ራቅ ብዬ ከዛፎቹ ሥር እቆማለሁ። ልታናግረኝ ግድ የለብህም። ይዘሃት ሂድ፤ እኔ መኪናው እስኪጠፋ ድረስ እቆማለሁ።

ሙኬላባይ